የማይቋረጥ መድኃኒት

እናቴን ቲቢ ያገኛት እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ቦንጋ ላይ ዝናቡ የሚያባራው ለይምሰል ስለሆነ ሳል የሌለበት ቤት የለም፤ መጀመሪያ የእሷን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ልብ ያልነው ቀሚሷ ከትከሻዋ ላይ መንሸራተት ሲጀምርና ጠዋት ጠዋት አንሶላዋ በላብ ርሶ ሲገኝ ነው። ጤና ጣቢያ ወስዶ አክታዋን ያስመረመራት ወንድሜ ነበር። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ በቤቱ ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ።

ጤና ጣቢያው ለእያንዳንዱ የቲቢ ታማሚ አንድ ደጋፊ ይጠይቃል። ደጋፊ ማለት ታማሚው ኪኒኑን ሲውጥ አጠገቡ ሆኖ የሚያይ ሰው ነው። ወንድሜ ደጋፊ ሆነ። ጠዋት ከቤት ከመውጣቱ በፊት ውኃ በጣሳ ይዞ ፊቷ ይቀመጣል፤ እሷም ኪኒኖቹን ከመዳፉ እያነሣች ትውጣለች።

"አፍሽን ክፈቺ" ይላታል።

"ዋጥኩ እኮ።"

"ምላስሽን አንሺ። አንቺ ሴትዮ ተንኮለኛ ነሽ።"

"እናትህን ነው ተንኮለኛ የምትላት?"

"እናቴ ስትድን ይቅርታ እጠይቃታለሁ።"

ሽንቷ ቀልቶ ባየችው ዕለት ደም መስሏት ጮኸች። ያረጋጋቻት የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። "እትዬ፣ ቀለሙ የመድኃኒቱ ነው። ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው" አለቻት። ሁለት ወር እንዳለፈ እናቴ እህል መቅመስ ጀመረች፤ ሳሉም ተዋት። ያኔ "ድኛለሁ፣ ይብቃኝ፣ ሆዴን አቃጠለኝ" ማለት አመጣች። ወንድሜ አልሰማትም።

"የተሻለሽ ስለዋጥሽ ነው" አላት። "ዛሬ ብታቋርጪ የተኛው በሽታ ይነሣል። ሲነሣ ደግሞ መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ከእንግዲህ አይፈራውም።"

ይህን የሰማው ከጤና ኤክስቴንሽኗ ነው፤ ቃል በቃል ነበር የሚደግመው። እናቴ ኪኒኑን እስከ መጨረሻው ዋጠች፤ ዳነች።

ከዳነች በኋላ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ጤና ኤክስቴንሽኗ በየስብሰባው ይዛት ትዞር ጀመር። ማንበብ የማትችለው እናቴ ከሴቶች ፊት ቆማ "እኔን እዩኝ" ትላለች፤ "መድኃኒት ጀምሮ የሚያቋርጥ ካልጀመረው ይብሳል" ትላለች። ሰፈሩ "እማማ አታቋርጡ" የሚል ስም አወጣላት። ግንበኛ የሆነ አንድ ጎረቤታችን ቲቢ ይዞት ኪኒን ከጀመረ በኋላ ሰልችቶት ነበር። ገበያ ላይ ሲያያት ከቆጮ ሻጮቹ ጀርባ ይደበቃል። አንድ ቅዳሜ ከኋላው ዞራ መጥታ እጀታውን ያዘችው።

"ዛሬ ዋጥክ?"

"እማማ፣ ዛሬ እኮ ገበያ ነው።"

"በሽታውም ገበያ ወጣ?"

ሰውየው ዳነ። ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ እናቴን ከቄሱ ቀጥሎ አስቀመጣት።

ይህን የማወራው እናቴ በኋላ ያደረገችውን ማንም ከድንቁርና እንዳይቆጥርባት ነው። የተማረችውን ነው ያደረገችው፤ የተማረችው ደግሞ ልክ ነበር።

በቤታችን የምንነጋገረው በካፊኖኖ ነው። አማርኛ የከተማና የቢሮ ቋንቋችን ነው፤ እናቴ የምታውቀው ለገበያ የሚበቃትን ያህል ነው። እዚህ የጻፍኩት የቤታችን ንግግር ሁሉ በእኔ አማርኛ የተመለሰ ነው። መመለስ እንጀራዬም ነው። ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ተምሬ ስጨርስ ዞኑ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ፤ ከላይ በአማርኛ የሚመጣውን ዜናና ማስታወቂያ ወደ ካፊኖኖ እመልሳለሁ። ሥራው ይስማማኛል፤ ብዙ መናገር የለበትም። የጻፍኩትን በሬዲዮ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው።

ወንድሜ መናገር የሚወድ ሰው ነበር። በሞተር ወደ ደካ፣ ወደ ቢታ ገነት ሰው ያመላልስ ነበር፤ አንዳንዴ የማንኪራ ገበሬ ከነማር ጣሳው ከኋላው አስቀምጦ ከተማ ያስገባል። ቁልቁለቱ የሚያስፈራቸው ሴቶች እሱን መርጠው ነበር የሚሳፈሩት፤ ሲስቁ መንገዱ ያልቃላቸዋል። አንድ ቀን ከደካ ባዶውን ሲመለስ ጭቃው ሞተሩን ከእጁ ነጠቀው። ጭኑ ተሰበረ። ሆስፒታል ብረት ገባለት፤ ሲወጣም ለሕመሙ ትራማዶል የሚባል ኪኒን ተሰጠው። ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ ነው።

"ጠዋትና ማታ፣ ሕመም ሲሰማው" አለች ነርሷ። እኔ ለእናቴ መለስኩላት፤ ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም። እናቴ ግን ከዚህ ውስጥ የወሰደችው "ጠዋትና ማታ" የሚለውን ነው። "ሕመም ሲሰማው" የሚለው ለእሷ ቁም ነገር አልነበረም። እሷ በተማረችው ትምህርት መድኃኒት የሚዋጠው ሲሰማህ አይደለም፤ ባይሰማህም ነው።

"ተራዬ ደረሰ" አለችው ቤት እንደገባን፣ ጣሳውን ይዛ። "ደጋፊህ እኔ ነኝ።"

"አፌንም ላሳይሽ?"

"ምላስህንም ታነሣለህ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ጭኑ ጠገገ፤ መራመድ ጀመረ፤ ከዚያም ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ኪኒኑ ግን ቀጠለ። ሆስፒታሉ የሰጠው ሲያልቅ እናቴ ከመድኃኒት ቤት መግዛት ጀመረች። ያኔ ማዘዣ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ ያከብራታል፣ ሲያያት ተነሥቶ ነው የሚሰጣት። አንድ የበዓል ሰሞን መድኃኒት ቤቱ ተዘግቶ ከረመ። ወንድሜ ያዛጋ ጀመር፤ አፍንጫው ፈሰሰ፣ አላበው፣ ከዚያ በጋቢ ተጠቅልሎ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ። ሆዱም አልረጋለት አለ። እናቴ ከአንዱ ሞተረኛ ለምና ኪኒን አመጣችለት። ውጦ ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ ቆጮና ጎመን በላ፤ የጎረቤቱን ቄስ አካሄድ እያሳየ አሳቃት።

"ይኸው" አለችኝ። "ሲያቋርጥ እንዴት እንደሚነሣበት አየሽ?"

አይቻለሁ። ያየችውን ነው ያየሁት፤ አንድም ነገር አልሳተችም። ያንን ሰሞን ስልኬ ላይ ስፈልግ ዋልኩ፤ ያገኘሁትን ካነበብኩ በኋላ ሞተሩን ሲያጥብ ጠብቄ አጠገቡ ቆምኩ።

"እግርህ አሁንም ያምሃል?"

"እግሬ ከዳነ ቆየ።"

"ታዲያ ለምን ትውጣለህ?"

"ሳልውጥ ስቀር የሚያመኝ ሌላ ነው።"

"ምንህን?"

"ሁሉንም። ፀጉሬን ሳይቀር።" ጨርቁን ጨመቀው። "ምሁሯ፣ ሪፖርት ልትጽፊብኝ ነው?"

"እማ የምትሰጥህን ብቻ ነው የምትውጠው?"

"የእሷን በቤት፣ የራሴን በመንገድ። ስትውጪው ብርዱ አይገባሽም፣ ርቀቱም አይታወቅሽም። ሞተረኛው ሁሉ እንዲሁ ነው።"

"ንገራት።"

"ምን ብዬ? የምታጎርሺኝ መርዝ ነው ልበላት? እሷ እኮ ደስ ብሏት ነው የምትሰጠኝ።"

የነገርኳት እኔ ነኝ። ጓሮ እንሰት ስትፍቅ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። "እማ፣ ኪኒኑ እየጎዳው ነው" አልኳት።

"መድኃኒት የማይጎዳው ማን ነው? የእኔን ሽንት ደም አላስመሰለውም?"

"ይኼ እንደዚያ አይደለም። ይኼ ... በሬዲዮ የሚሉት ዓይነት ነው።"

እጇ ቆመ። "ቅጠል ነው?"

"ቅጠል አይደለም።"

"ሆስፒታል አይደለም የሰጠው?"

"ሆስፒታል ነው።"

"እንግዲያ አታስደንግጪኝ" አለችና መፋቋን ቀጠለች።

ቅጠል ያለችበት ምክንያት ነበራት። በአማርኛው "አደንዛዥ ዕፅ" የምንለውን ከእኔ በፊት በቦታው የነበረው ሰው "የሚያደነዝዝ ቅጠል" ብሎ መልሶት ነበር። ዕፅ ተክል ነው፤ አልተሳሳተም። በሬዲዮም በስብሰባም ቃሉ ይኸው ሆኖ ቀረ። እናቴ ስለ ቅጠሉ ሲነገር በሰማች ቁጥር "እግዜር ይመስገን፣ የእኔ ልጅ ጫት እንኳ አይቅምም" ትላለች። ጫካ ውስጥ ተወልዶ ላደገ ሰው ቅጠል ማለት ቅጠል ነው፤ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተቀንጥሶ የሚታወቅ ነገር ነው። ብልቃጥ ውስጥ ያለ አረንጓዴና ቢጫ ፍሬ ቅጠል ሊሆን አይችልም። እሱ መድኃኒት ነው። መድኃኒትን ማንም በሬዲዮ አልከሰሰውም።

ቃሉ እንዲቀየር የክፍላችንን ኃላፊ ጠየቅኩት። ለመጠየቅ ብቻ ስንት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

"ስታንዳርድ ሆኗል፤ አትንኪው" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። "ፕላናችንም ሪፖርታችንም ላይ በዚሁ ነው ያለው።"

በዚያን ሰሞን ስለዚህ ነገር የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። ሄሮይን መጀመሪያ የተሸጠው የሳል መድኃኒት ተብሎ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። አስለማጅነቱ ከሚታወቀው ከሞርፊን የተለየ፣ የማያስለምድ ነው ብለው ሐኪሞች ራሳቸው አምነውበት ነበር። ከዚያ ሕጉ ተነሣና ያዘዘውንም የዋጠውንም በአንድ ገመድ አሰረ፤ በአንዳንድ አገር ለሱሰኛ መድኃኒት ያዘዘ ሐኪም ወህኒ የወረደበት ዘመን ነበር። መጀመሪያ ለሁሉ መስጠት፣ ቀጥሎ ለሁሉ መከልከል፤ በሁለቱ መካከል የታመመውን የጠየቀው የለም። ይህን ሳነብ የሌላ አገር የድሮ ታሪክ እያነበብኩ መስሎኝ ነበር።

የረዳችን ጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። ነገሩን ስነግራት "እትዬን ልንጠቀምባቸው እንችላለን" አለችኝ። ቤት መጣች፣ እናቴ ፊት ተቀመጠች።

"እትዬ፣ የእሱ መድኃኒት እንደ እርስዎ አይደለም። በመቀነስ ነው የሚጨረሰው።"

"በመቀነስ?"

"አዎ። ቀስ እያሉ። ትእዛዙ እንደዚያ ነው።"

እናቴ በእኔ ላይ እንዳደረገችው አላንገራገረችባትም። ትእዛዝ ነው ከተባለ ትእዛዝ ነው። ያን ዕለት ማታ ወንድሜን ጃኬቱን አስወለቀችው፣ ኪሱን ፈተሸች፣ የራሱን ኪኒን በሙሉ ወሰደችበት።

"ምን ታደርጊያለሽ?" አላት።

"ለአንድ ታማሚ ሁለት ደጋፊ የለም።"

መጀመሪያ ተቆጣ፤ በሩን ዘግቶ ወጣ። ሲመለስ ግን ሌላ ቦታ የደበቀውንም አውጥቶ መዳፏ ላይ አደረገላት። ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እናቴ እንድትጨምርለት የሚያታልላትን ልጅ፣ የሚለማመጣትን ልጅ፣ አንዳንዴም የሚሰድባትን ልጅ ሳትጮህ፣ ሳትራራም ያዘችው። የተባለችውን ትሰጠዋለች፤ ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን ታሸዋለች። ፊቱ ገረጣ፣ እንቅልፉ ጠፋ፤ ግን ኪኒኑ እያነሰ ሄደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከቢታ ገነት በዝናብ በስብሶ መጣና ምድጃው ላይ ተጎነበሰ።

"ለካ ዝናብ ይቀዘቅዛል" አለ።

እናቴ ምን እንዳለ አልገባትም። እኔ ገብቶኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

መመሪያው የመጣው በዚህ መካከል ነው። ትራማዶል ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ፣ የሸጠ መድኃኒት ቤት እንዲታሸግ የሚል ነበር። የመለስኩት እኔ ነኝ። መመሪያው ልክ ነበር፤ መድኃኒት ቤቶቹ ለማንም እየሸጡ ነበር፣ ተማሪዎችም ጀምረውት ነበር። ቀድሞውኑ እየዋጠ ስላለ ሰው ግን ምንም አይልም። ሌላ ገጽ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ኃላፊዬን ጠየቅኩት። የቀረ ገጽ አልነበረም።

ባለ መድኃኒት ቤቱ እናቴን ሲያያት እንደ ልማዱ ተነሣ፤ ግን እጁን አልዘረጋም። "እማማ፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። ሊያሽጉብኝ ነው" አላት።

ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። እናቴ እንዴት እየቀነሰችለት እንደነበር ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሰማኝ።

"ትክክለኛው መንገድ ይኼ ነው" አለ። "እኛም ብንሠራው ከዚህ የተሻለ አንሠራውም።"

"እንግዲያ ይዘዙለት። እስኪጨርስ ብቻ።"

"ለሕመም ነው የማዝዘው። እግሩ ድኗል። ለሱሰኛ አዘዘ ብባል ማን ይቆምልኛል?" ወንድሜን አላየውም፤ እኔንም አላየኝም። "ጅማ ልጻፍላችሁ። እዚያ የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው።"

ወጥተን በሆስፒታሉ ግቢ ስንሄድ ወንድሜ "አየሽ፣ እናትሽ ዶክተር ናት" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ወረፋችንን መጠበቅ ጀመርን።

እናቴ መናኸሪያ ወርዳ ኪኒኑን የሚሸጥ ሰው እንዳገኘች የነገረችን ይዛ ከመጣች በኋላ ነው። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ነበር። ቀለሙ ያው አረንጓዴና ቢጫ ነው፤ ግን ደብዘዝ ያለ ነው፣ ስም የተጻፈበት ማሸጊያም የለውም። እኔ "ምን እንደሆነ አናውቅም" አልኩ፤ እሷ "አቋርጦ ከሚነሣበት ይሻላል" አለች። በደረሰችበት መጠን ቀጠለች። ልኩን አላዛነፈችም። ኪኒኑ ውስጥ ያለውን ልክ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ አንዱ ቀን ጭራሽ ያፈዘዋል፣ አንዱ ቀን ምንም እንዳልዋጠ ያንቀጠቅጠዋል። አንድ ጠዋት ቦት ጫማውን ሲያጠልቅ ወደ ኋላ ተገለበጠ። መላ አካሉ ተገተረ፣ ዓይኑ ነጣ፣ ምላሱን ነክሶ አረፋው ደም ቀላቀለ። እናቴ ጭንቅላቱን አቅፋ ስሙን ትጠራ ነበር።

ሲነቃ ማናችንንም አላወቀንም። ጤና ጣቢያ አድረን ተመለስን። ጤና ኤክስቴንሽኗ ስትመጣ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ግቢ አላለቻትም።

"ልጄ፣ አንቺን አልቆጣም" አለቻት። "ግን የጣለው መቀነሳችን ነው።"

"እትዬ፣ ያ ኪኒን ምን እንደሆነ እኮ አናውቅም።"

"የምናውቀውን ማን ከለከለን?"

ጤና ኤክስቴንሽኗ ከደጃፉ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን መጥታ አታውቅም።

እናቴ ኪኒኑን ወደ ቀድሞው መጠን መለሰችው፤ ቀጥሎም አለፈችው። ወንድሜ ሞተሩን ሸጠ፤ እየነዳ ቢወድቅ ሰው እንዳይገድል ፈርቶ ነው ብሏል፣ አምኜዋለሁ። ቀልዱ ተወው። ሰው ቤት ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። ከጅማ ወረፋው ደረሰ የሚል ወሬ አልመጣም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፖሊስ የመናኸሪያውን ሻጭ ያዘው። ዜናውን እኔ መለስኩት፤ "ውጤታማ ሥራ ተሠርቷል" ይላል። በማግሥቱ የቢሮዬ በር ተንኳኳና እናቴ ገባች። የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳለች። ወደ እኔ አልመጣችም፤ በቀጥታ ወደ ኃላፊያችን ጠረጴዛ ሄደች። ኃላፊያችን ቦንጋ ተወልዶ ያደገ ቢሆንም ወላጆቹ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ካፊኖኖው ከሰላምታ አያልፍም። በገበያ አማርኛዋ ነበር የጀመረችው።

"የኔ ጌታ፣ ልጄ ታሟል። መድኃኒት አለው። መንግሥት ከልክሏል። አንቺ ፍቀድልኝ።"

ኃላፊዬ ወንበር ሰጣት። ስለ ወንድሜ ሰምቷል፤ ቦንጋ ትንሽ ከተማ ናት። "እማማ" አላት በቀስታ፣ "ልጅዎ የያዘው ሱስ ነው። ሱሰኛ ሆኗል።"

እናቴ ፈገግ አለች። ቃሉን ታውቀዋለች።

"ሱስማ እኔም አለብኝ" አለችው። "ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል።"

ቢሮው ውስጥ ከነበሩት አንዱ ሳቁ አመለጠው። ኃላፊዬ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ። "በቋንቋዋ አስረጃት" አለኝ።

ተነሣሁ። ሁሉም እያየኝ ነበር። ዕፅ ብል ቅጠል ነው፤ ሱስ ብል ቡና ነው፤ መድኃኒት ብል እሷን ያዳናት ነው። በካፊኖኖ የምፈልገውን ቃል አላገኘሁትም፤ ኖሮም ይሁን አይሁን አላውቅም። አጠገቧ ተንበርክኬ እሷ በምታውቀው በሽታ ነገርኳት።

"እማ፣ ቲቢው ኪኒኑ ነው። ስንሰጠው የምናበላው ቲቢውን ነው። ስንከለክለው የሚጮኸው እሱ ነው።"

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ያጎረሰችባቸውን ጠዋቶችና ማታዎች ወደ ኋላ እየቆጠረች መሰለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እግሩ ከዳነ ጀምሮ።"

"እና እኔ ..." አለችና ተወችው። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

"ገባት?" አለኝ ኃላፊዬ።

"ገባት" አልኩት።

አብረን ወደ ቤት ሄድን። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ወንድሜ መደቡ ላይ ተኝቷል፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ይንቀጠቀጣል። ከሻጩ የተረፈው ጥቂት ኪኒን በነጠላዋ ጫፍ እንደተቋጠረ ነው። ፈታችው። አየችው። መልሳ ቋጠረችው።

"እማ" አለ ወንድሜ።

እንደገና ፈታችው። እጇ ግን አልዘረጋ አላት። ወደ እኔ ዞራ የነጠላዋን ጫፍ አቀበለችኝ።

"አንቺ ስጪው። እኔ አልችልም።"

"ልንሰጠው ነው?"

"ከወደቀስ?"

ውኃ ቀዳሁ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲህ የምሰጠው እኔ ነኝ። በታሰረው ሻጭ ቦታ ሌላ መጥቷል፤ የት እንደሚቆም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቀኛል። በመጠኑ ለመቀነስ ሁለቴ ሞክሬያለሁ፤ እንደ እናቴ መጨከን አልሆነልኝም። እሷ ከታመመ ሰው ቤት መሄድ ትታለች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን ልጇ የቲቢ ኪኒን አልውጥም ብሎባት ልትለምናት መጥታ ነበር፤ እናቴ "እኔ ስለ መድኃኒት አላውቅም" ብላ መለሰቻት።

ከቢሮ ስመለስ ወንድሜ የቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ትናንት ስብሰባ ነበረብኝ።

"ዘገየሽ" አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።